የሴቫስቲ ወረቀት

ነፋሱ ባይነሳ ኖሮ ካሊሮይ የተወለደችባትን ደሴት ኒሲሮስን ዳግመኛ ባላየቻት ነበር።

ጉዞውን የገዛላት የክርስትና ልጇ ነው። ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት «ዕድሜ ልክሽን የሰው ልብስ ስትሰፊ ኖርሽ፤ እስቲ አንድ ሳምንት እንኳ ሰው ያገልግልሽ» ብሎ የሽርሽር መርከብ ቲኬት ሰጣት። እሷም መነጽሯን አድርጋ መርከቡ የሚቆምባቸውን ደሴቶች አንድ በአንድ አነበበች፤ ኒሲሮስ እንደሌለችበት ካረጋገጠች በኋላ ነው እሺ ያለችው። በሦስተኛው ቀን ግን የበጋው ነፋስ እንደ ልማዱ አበደና ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ይቅርታ ጠየቀ። ወደታሰበው ደሴት መጠጋት አልተቻለም፤ በምትኩ ዛሬ ኒሲሮስ እንቆማለን፤ እሳተ ገሞራውን ጎብኝታችሁ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን አለ።

መንገደኛው አጉረመረመ። ካሊሮይ ወደ አፏ ያስጠጋችውን ሻይ መልሳ አስቀመጠች። እዚያች ደሴት ላይ ታላቅ እህቷ ሴቫስቲ አለች። አርባ አራት ዓመት አልተያዩም።

መጀመሪያ ከመርከቡ አልወርድም ብላ ማለች። ደሴቲቱ ስትቀርብ፣ ነጫጮቹ ቤቶችና ከገደሉ አፍ ላይ የተቀመጠው የዋሻዋ ማርያም ገዳም ሲታዩ ግን ሐሳቧ ተለወጠ። ነገ ፍልሰታ ነው፤ ዛሬ ዋዜማው። ሴቫስቲ በዋዜማው የት እንደምትውል ለእሷ የሚነግራት አያስፈልጋትም። ስለት ያለባቸው የደሴቲቱ ሴቶች ከበዓሉ በፊት ጥቁር ለብሰው፣ ጾመው፣ ምንጣፍ ላይ እየተኙ ዘጠኝ ቀን እዚያ ገዳም ይከርማሉ። ዘጠኝ አዳሪዎች ይሏቸዋል። ሴቫስቲ ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ አንድም ዓመት አልቀረችም።

«እንግዲያው ልውጣና ፊቷ ልቁም» አለች ካሊሮይ ለራሷ። «በቁሜ ለምን ቀበርሽኝ? ልበላት። መልሷን ሰምቼ እመለሳለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በኒሲሮስ የእናት ቤት የበኩር ሴት ልጅ ነው፤ ለሁለተኛዋ ምርቃትና ጥቂት አንሶላ ይደርሳታል። ሕጉን ሴቫስቲ አላወጣችውም፤ ግን ቤቱን የወሰደችው እሷ ናትና የካሊሮይ ንዴት ያረፈው እሷው ላይ ነው። የእናታቸው አርባ በወጣ ማግስት፣ ሴቫስቲ ባሏን ይዛ ወደ ትልቁ መኝታ ቤት ስትገባ፣ ካሊሮይ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ደጃፉ ላይ ቆመችና «በዚህ ቤት የልጅ ሳቅ አይሰማበት!» ብላ ረገመች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወደ ወደብ ከተማዋ ፒሬዎስ ሄዳ ልብስ ስፌት ገባች፤ ግን ቃሉ አልተዋትም፤ መርፌ ይዛ እንኳ ይመጣባት ነበር። በተከታዩ ዓመት የፍልሰታ ሰሞን ከደመወዟ ቆጥባ ሰማያዊ የሐር ሻርፕ ገዛችና ልትታረቅ መጣች። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ።

በቀጥታ ወደ ገዳሙ ወጣች። ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ ወርደው ቤተ ክርስቲያኑ ጭር ብሏል። በእመቤታችን ሥዕል ፊት ለሙታን መታሰቢያ የሚቀርበው የስንዴ ንፍሮ በየትሪው ተደርድሯል፤ በየትሪው ጠርዝ የየባለቤቷ የስም ወረቀት ተቀምጧል። በአንዱ ገጽ የሕያዋን ስም ይጻፋል፣ ቄሱ ጤናና ዕድሜ እንዲለምኑላቸው፤ በሌላው ገጽ መስቀል ይሣልና የሙታን ስም ይጻፋል። የሴቫስቲን ወረቀት በእጅ ጽሑፏ ለየችው። የመስቀሉ ገጽ ወደ ላይ ነበር። የአባታቸው ስም አለ፤ የእናታቸው ስም አለ፤ ከሁሉ በታች ደግሞ «ካሊሮይ» ይላል።

ክው አለች። ስሟን ያወጣችላት ከሌላ ደሴት የመጣች የክርስትና እናቷ ናት፤ በዘራቸው ሌላ ካሊሮይ የለም። በሕይወት ያለን ሰው ከሙታን ጋር ማስጠራት ደግሞ በዚያ አገር መርዝ ከማብላት አይተናነስም፤ ልጅ ሆነው ስለዚህ ነገር ሲያወሩ እንኳ ያማትቡ ነበር። ሻርፑን ትሪው አጠገብ ጣለችና በመጣችበት ጀልባ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ከሴቫስቲ ሦስት ደብዳቤ መጣላት። ሦስቱንም ሳትከፍት፣ ፖስታው ላይ በገዛ እጇ «ተቀባይዋ ሞታለች» ብላ ጽፋ መለሰች። ሞተሻል ካልሽኝ ሞቻለሁ፣ ነው ነገሩ። የኒሲሮስ ሰው ከሩቅ ካየች መንገድ ትሻገራለች፤ በማኅበራቸው ደጃፍ አታልፍም። እልኸኛ ናት፤ እልኹም የቤተሰብ ነው።

እናም ዛሬ ወደቡ ላይ ወርዳ ወደ ገዳሙ የሚወስደውን ደረጃ ቀና ብላ አየችውና ፊቷን መለሰች። ከሌሎቹ መንገደኞች ጋር ወደ እሳተ ገሞራው በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች። «ገና ጊዜ አለኝ» አለች። ፈሪ ሰው ጊዜ አጥቶ አያውቅም።

አውቶቡሱ በተራራው ዞሮ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ከመሬቱ ስንጥቅ ነጭ ጭስ ይተናል፤ ድኙ ድንጋዩን ቢጫ አድርጎታል፤ ሙቀቱ በጫማ ሶል ውስጥ ያልፋል። አስጎብኚዋ ጥላዋን ከፍ አድርጋ ትናገራለች። «በጥንት ዘመን አንድ ግዙፍ ከአማልክት ጋር ተዋግቶ ተሸነፈና ይህች ደሴት ተጫነችበት። አልሞተም። በሕይወቱ እንደተቀበረ እስከዛሬ ያቃስታል።»

«ብጤዬ ነው» አለች ካሊሮይ በልቧ።

መንገደኛው ሁሉ በግማቱ አፍንጫውን ይዟል። እሷ ግን በረጅሙ ሳበችው። ድኝ ቆፋሪ አባቷ ወደ ቤት ሲገባ ቀሚሷ ድረስ የሚደርሰው ሽታ ይህ ነበር። ሳታስበው ከሰዎቹ ገለል አለችና መሬቱን በተረከዟ ሦስት ጊዜ መታችው፤ ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ከሥር እንደ ባዶ በርሜል ጉም አለ። «ሦስቴ ምቺና ስሚ፤ ካልጮኸ ተኝቷል ማለት ነው፤ አትፍሪ» ብላ ያስተማረቻት ሴቫስቲ ናት፤ አንዷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አንዷ አምስት ዓመቷ ሳለ።

«እትዬ!» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። የአውቶቡሱ ሾፌር ነው፤ ፓንዴሊስ የሚባል ሃምሳዎቹን ያለፈ ወፍራም ሰው። «የመርከቡ ካርድ አንገትዎ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እርስዎ ግን ቱሪስት አይደሉም። እዚህ መጥቶ ሦስቴ እግሩን የሚመታ የእኛ ሰው ብቻ ነው። የማን ልጅ ነዎት?»

«የማንም።»

«የማንም የሚባል ቤተሰብ ኒሲሮስ ላይ የለም። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ግማሾቹ ዘመዶቼ ናቸው፣ ግማሾቹ ጠላቶቼ።»

ሳትወድ ሳቀች። «የድኝ ቆፋሪው የኒኪታስ ልጅ ነኝ።»

ሾፌሩ ሳቁን ዋጠ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው፤ እንደገና አወለቀው። «የሴቫስቲ እህት? የፒሬዎሷ?»

«አዎ። ለእሷ ነው የመጣሁት። ገዳም ናት አይደል?»

«አልነገሩዎትም እንዴ?» አለ። «እትዬ ሴቫስቲ ካረፉ ሁለት ክረምት አለፈ። ሳንባቸው ነው። ማዕበሉ ጠንቶ ወደ ኮስ ደሴት ሆስፒታል የሚያሻግር ጀልባ ጠፋ። አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው።»

ካሊሮይ መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። «ሳትመልስልኝ?» አለች ጮክ ብላ፣ ሾፌሩ ምኑን እንደሆነ ሳይገባው። «ሳትመልስልኝ ሄደች?» ከዚያ ትኩሱ አመድ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። አርባ አራት ዓመት ያዘጋጀችው ጥያቄ የሚቆምበት ፊት የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደግሞ በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ገባት፤ የመጣችው ለጥያቄው አልነበረም። ሴቫስቲ «ማሪኝ» እንድትላት ነበር የመጣችው። ማሪኝ ብትላት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ልታለቅስ ነበር። አሁን ያለቀሰችው ብቻዋን ነው።

ፓንዴሊስ ውሃ አመጣላት፤ ክንዷን ይዞ አስነሳት። «እማማ ጋሩፋሊያ አሉ» አላት። «አዋላጇ። እህትዎን እስከ መጨረሻው ያስታመሟቸው እሳቸው ናቸው። ገዳም ናቸው፤ በዘጠና ዓመታቸው አሁንም ዘጠኝ ያድራሉ። እሳቸው ዘንድ ላድርስዎት።»

ወደ ገዳሙ የሚወስደውን ደረጃ የወጣችው በየመዞሪያው እያረፈች ነው። ስትደርስ ግቢው የተቀቀለ ስንዴ ሸተታት። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ድንጋዩን ያጥባሉ፤ ለውዝ ይልጣሉ፤ በሹክሹክታ ይሰዳደባሉ። አንዷ «ስኳር ጨርሰሽ፣ ነፍሶቹ የስኳር በሽታ ይዟቸው እንዲነሱ ነው?» ስትል ሌሎቹ አፋቸውን በመሐረብ ይዘው ይስቃሉ። ጋሩፋሊያ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ ከግድግዳው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ፈዟል። ካሊሮይ ጎንበስ ብላ እጇን ስትስም አሮጊቷ ጣቶቿን ዳበሰች፤ የመርፌ ጠባሳዎቹን አንድ በአንድ ነካች።

«መጣሽ?» አለች። «እህትሽ በየዓመቱ ‹ዘንድሮ ትመጣለች› ትል ነበር። ዘንድሮ የቱ እንደሆነ ነው ያልነገረችኝ።»

ከጎኗ ሌላ ባዶ ምንጣፍ ተነጥፏል። ካሊሮይ ማን እንደሚተኛበት ጠየቀች።

«ማንም። ሴቫስቲ ሁለት ታነጥፍ ነበር፤ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ላንቺ። እኔም የእሷን ወርሼ ያንቺን ማንጠፍ አልተውኩም። ተቀመጪበት እንጂ፤ አርባ ምናምን ዓመት የጠበቀሽ ምንጣፍ ነው።»

ካሊሮይ አልተቀመጠችም። «የምትወደኝ ከሆነ፣ እማማ፣ በቁሜ ለምን ቀበረችኝ?»

«ማን?»

«ሴቫስቲ! ስሜን ከሙታን ጋር ጽፋው አየሁት። እዚሁ፣ ትሪው ላይ፣ በገዛ ዓይኔ። ሻርፑን ይዤ የመጣሁ ቀን።»

አሮጊቷ ከምንጣፉ ቀና አለች። ከዚያ በመዳፏ ጉልበቷን መታች። «ለዚህ ነው? ለዚህ ነው የሄድሽው? አንቺ ጅል። አንቺ የድንጋይ ራስ! ሻርፑን አግኝታ መምጣትሽን አወቀች፤ እንደ እብድ እየሮጠች ወደብ ወረደች፤ ጀልባው ከሩቅ ይታያል። ለምን እንደሄድሽ እስክትሞት ድረስ አልገባትም ነበር እኮ!»

«ታዲያ ስሜ...»

«ያንቺ አይደለም። የልጇ ነው።»

ካሊሮይ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«አንቺ በሄድሽ በጥር ወለደች» አለች ጋሩፋሊያ። «ያለ ወሯ። ማዕበሉ ሰባት ቀን ሆኖታል፤ ሐኪም የለ፤ ቄሱ ከተራራው ማዶ ናቸው። ሴት ልጅ ናት፤ እንደ ጫጩት ነው የምትተነፍሰው። ሳትጠመቅ እንዳታልፍ ብዬ፣ ቄስ በሌለበት እንደሚደረገው በአየር ላጠምቃት፣ ሦስቴ ወደ ላይ አነሳኋትና ‹ማን ልበላት?› አልኩ። በወጉ የሚወጣላት የሟቿ የእናታችሁ ስም ነው፤ ከበር ውጭ ያሉት ሁሉ የሚጠብቁት ያንኑ ነው። እህትሽ ግን ጆሮዬን ስባ ‹ካሊሮይ በያት› አለችኝ። ‹አብደሻል? የረገመችሽን?› አልኳት። ‹ለዚህ ነው እኮ› አለች። ‹እርግማኗ የራሷን ስም አይነካም።› ደግሞም ‹ናፍቃኛለች› አለች።»

«ልጅቷስ?»

«እስከ ቀትር ኖረች። ከዚያ ወዲያ እህትሽ አልወለደችም።»

ካሊሮይ ሻርፕ የያዘች ያህል እጆቿን ጭኗ ላይ ጨብጣ ተቀመጠች። የልጅ ሳቅ አይሰማበት ያለችው እሷ ናት። የግማሽ ቀን ሕፃን አትስቅም።

«ለምን ‹ሕፃን› ብላ አልጻፈችም?» አለች በመጨረሻ። «‹ሕፃን ካሊሮይ› ብትል ምን ነበረበት?»

«አፈረቻ። ቄሱ ጮክ ብለው ያነቡታል። የእናቷን ስም ነፍጋ ለረገመቻት እህቷ ሰጠች ሲባል መንደሩ አንቺን በጥርሱ እንዳይዝሽ ፈራች። ስሟን ብቻ ጻፈች። ከዚያ ሁሉ ስም መካከል አንዲት ካሊሮይን ማን ልብ ይላል?»

«ለእኔ መንገር ነበረባት!»

«ነግራሽ ነበር» አለች አሮጊቷ። «ሦስት ጊዜ፤ በሦስት ደብዳቤ። ‹ተቀባይዋ ሞታለች› ተብሎ ሲመለስላት መጀመሪያ ሳቀች፤ ‹ሟች እንዲህ አሳምራ አትጽፍም፤ ይህ የእህቴ እጅ ነው› አለች። ሦስተኛው የተመለሰ ዕለት ግን ስታለቅስ ዋለች። ደግማ አልጻፈችም። አንድ አባት ነው የወለዳችሁ፤ እልኻችሁም አንድ ነው።»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ተረት አለ። ያንን ያወጣ ሰው ልጅ ቀብሮ አያውቅም። እነዚህ ሁለት እህቶች የተናገሩት እንዳይጠፋባቸው ከአርባ ዓመት በላይ ጠበቁ፤ አንዷ ፒሬዎስ ከስፌት መኪናዋ ጋር፣ ሌላዋ እዚህ ሁለት ምንጣፍ እያነጠፈች።

«ሻርፑስ?» አለች ካሊሮይ።

«አስሬላት ነው የቀበርኳት። የሕፃኗንም አጥንት ከጎኗ አደረግሁላት።»

ከግቢው ደወል ተሰማ። ሴቶቹ እጃቸውን እየጠራረጉ ገቡና ትሪዎቻቸውን በሥዕሏ ፊት አስቀመጡ። ጋሩፋሊያ የሴቫስቲን የጸሎት መጽሐፍ ገልጣ ከመካከሉ ዳር ዳሩ የተበላ ወረቀት አወጣች። የመስቀሉ ገጽ ወደ ላይ ነው፤ ያው ቀን፣ ያው እጅ ጽሑፍ መሰላት ካሊሮይን። «የእሷ ነው፤ በየዓመቱ ያንኑ ነበር የምታስጠራው» አለች አሮጊቷ። «ከሞተች ወዲህ ከትሪዬ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩምና የራሷን ስም ሊጨምርላት የቻለ የለም። ሰው ለምኜ እንዳላስጽፍ ወረቀቱን አይቶ የሚጠይቀኝ ሰው ፈራሁ። በቃሌ ብቻ ነው የማነሳት። አሁን አንቺ ጻፊያት።»

ካሊሮይ እስክሪብቶ ተቀበለች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ከሁሉ በታች «ሴቫስቲ» ብላ ጻፈች። ከዚያ «ካሊሮይ» ከሚለው ፊት፣ በጠበበችው ባዶ ቦታ ላይ፣ እህቷ ልትጽፈው ያልደፈረችውን አንድ ቃል አስገባች፦ «ሕፃን»። ወረቀቱን ትሪው ላይ አኖረችው።

ከወደቡ የመርከቡ ጡሩምባ ጮኸ። አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

«መርከብሽ» አለች ጋሩፋሊያ።

«ይሂድ።»

«ሻንጣሽስ?»

«እሱም ይሂድ፤ ቲኬት ተከፍሎበታል፤ ይዝናና።»

አባ ሳቫስ ወረቀቶቹን ከየትሪው ሰብስበው ማንበብ ጀመሩ። ወጣት ቄስ ናቸው፤ ከሌላ ደሴት የመጡ፤ ከእነዚህ ስሞች የማንንም ፊት አያውቁም። ጡሩምባው ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። የሴቫስቲ ወረቀት ተራው ደረሰ። «ኒኪታስ» አሉ። የእናታቸውን ስም ጠሩ። «ሕፃን ካሊሮይ» አሉ፤ «ሴቫስቲ» አሉ። ሴቶቹ «መታሰቢያቸው የዘለዓለም ይሁን» ሲሉ ካሊሮይም አብራ አለች።

ከዚያ አባ ሳቫስ ወረቀቱን ገለበጡት። ካሊሮይ ያ ገጽ መኖሩን እንኳ ረስታው ነበር፤ ያን ጊዜም አልገለበጠችውም፣ ዛሬም አልገለበጠችውም። ቄሱ ረጅም ዝርዝር የጠበቁ ይመስል ከላይ እስከ ታች አዩት። የሕያዋን ገጽ ላይ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው።

«ለካሊሮይ» ብለው አነበቡ፤ «ጤናና ዕድሜ።»